ኮረኮንች መንገድና ብስክሌት፦ ከኪርያት ጋት በስተምሥራቅ ያለው ደንና ኮረብታ ለቤተሰብ ጤና



«ብስክሌት የልጅ ጨዋታ ነው፤ ስለ ጤና በሚጻፍ ገጽ ላይ ምን አመጣው?» የሚሉ ወላጆችና ሽማግሌዎች እንደሚኖሩ እንገምታለን። ነገሩን ግን ከሌላ በኩል እንየው። ከኪርያት ጋት ተነስቶ በ35 ቁጥር መንገድ ወደ ቤት ጉቭሪን የሚሄድ ሰው በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል እንደተጓዘ ሜዳው ያልቅና ኮረብታው ይጀምራል። እዚያ የጥድ ደን አለ፤ በዛፎቹም መካከል ለመኪና ጥድፊያ የማይመች ኮረኮንች መንገድ ይዘልቃል። ዓርብ ጠዋት ብስክሌታቸውን በመኪና ጭነው ከሩቅ ከተማ የሚመጡ ሰዎች በዚያ መንገድ ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። ቅርቡ ያለነው እኛ ግን ብዙም አንታይም።

ይህን የምናነሳው ለመዝናናት ብቻ አይደለም። በዘመቻ ሙሴ (1984–1985) እና በዘመቻ ሰሎሞን (ሜይ 1991) ወደ እስራኤል የገባው ወገናችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲመረመር የስኳር በሽታ የተገኘበት ሰው በጣም ጥቂት ነበር። በዚህ አገር የኖርንበት ዘመን በጨመረ ቁጥር ግን በሽታው እየበዛ ሄዶ፣ ዛሬ በማኅበረሰባችን ውስጥ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በብዛት ይታያል። ደሙ ያው ደም ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። በጎንደር ገጠር፣ በአምቦበርም ሆነ በወለቃ፣ ውኃው ከምንጭ፣ እንጨቱ ከጫካ፣ ገበያውም ከሩቅ ስለነበረ ሰው ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ይመላለስ ነበር። እዚህ ደግሞ አውቶቡሱ ከደጅ፣ አሳንሰሩ ከፎቅ ነው። ነጭ ዳቦውና ጣፋጭ መጠጡም ከዚህ ጋር ይደመራል።

«እኔ ቀጭን ነኝ፤ ስኳር አይነካኝም» የሚለውን አባባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህ ለእኛ አይሠራም። በእስራኤል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ የስኳር በሽታ ሰውነታቸው ሳይወፍርም ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ወጥቶ መጽናናት አይበቃም፤ ደም ማስመርመርና ሰውነትን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ብስክሌት የሚረዳው እንዴት ነው? በሰውነታችን ውስጥ ትልልቆቹ ጡንቻዎች የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ናቸው። ፔዳል ሲረገጥ እነዚህ ጡንቻዎች ስኳርን ከደም ስበው ያቃጥሉታል፤ በሚሠሩበት ሰዓትም የኢንሱሊንን እርዳታ እንደ ወትሮው አይጠብቁም። ሥራው ካበቃ በኋላም ጥቅሙ ቶሎ አይጠፋም፤ እስከ ማግሥቱ ድረስ ሰውነት ኢንሱሊንን በተሻለ ሁኔታ ይጠቀምበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ልጆች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ጉልበቱን ለሚያመው ሽማግሌም ብስክሌት ከሩጫ ይሻላል፤ የሰውነት ክብደት በመቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ጉልበት ጫናውን ሁሉ አይሸከምም።

በከተማ አስፋልት ላይ የሚነዳ ልጅ ትልቁ ጠላቱ መኪና ነው። በደን ውስጥ ባለው ኮረኮንች ላይ ይህ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በምትኩ ድንጋይ፣ ቁልቁለትና ፀሐይ ይመጣሉ። እነዚህን ግን አስቀድሞ በመዘጋጀት መከላከል ይቻላል። በነገራችን ላይ ብስክሌት ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጣና ዳር ያለችው ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳ ስለሆነ በብስክሌት የታወቀች ከተማ ናት።

የት ይኬዳል?

በአካባቢያችን ትልቁ ደን ከቤት ጉቭሪን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቤት ሼሜሽ አቅጣጫ የተዘረጋው ፓርክ ብሪታኒያ ነው። ስፋቱ 40,000 ዱናም ያህል ሲሆን የሚያስተዳድረው ኬረን ካዬሜት ነው፤ ለመግባት ክፍያ የለውም። የቤት ጉቭሪን ብሔራዊ ፓርክ ግን ሌላ ነው፤ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ዋሻዎች ያሉበት ሲሆን መግቢያው በክፍያ ነው። ከከተማችን ወደ ደቡብ ምሥራቅ በላኪሽ በኩል ደግሞ በወይን እርሻዎች መካከል የሚያልፉ የአፈር መንገዶች አሉ፤ ዳገታቸው ቀለል ያለ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻሉ። ሐይቅ የናፈቀው ሰው በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ቤር ሼቫ አቅጣጫ ሄዶ የፑራን የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ማየት ይችላል። ጣናን ለሚያውቅ ሰው ይህ ሐይቅ ሊባል አይችልም፤ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ትንሽ ግድብ ነው፤ በበጋም ይደርቃል። ሆኖም በፌብሩዋሪ ዙሪያው በቀይ ካላኒዮት አበባ ሲሸፈን ልጆች የሚወዱት ቦታ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፤ ወደ ደኑ ለመድረስ በ35 ወይም በ40 ቁጥር መንገድ ዳር ብስክሌት አይንዱ፤ ልጆችም እንዲነዱ አይፍቀዱ። በእነዚህ መንገዶች ከባድ መኪና በፍጥነት ያልፋል። ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ እስከ ደኑ መግቢያ መድረስ ነው የሚሻለው።

ዳገቱን መፍራት አያስፈልግም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የእኛ ኮረብታዎች ደግሞ በጥቂት መቶ ሜትሮች የሚቆጠሩ ናቸው። አስቸጋሪው ቁልቁለቱ ነው። በጠጠር ላይ የፊት ፍሬን በድንገት የያዘ ሰው ጎማው ይንሸራተትና ይወድቃል። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ቀስ አድርጎ መያዝ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ ማድረግ፣ ካቃተም ያለ ኀፍረት ወርዶ መግፋት ነው። ልጆች በሁለት አዋቂዎች መካከል ይንዱ። ውድ ብስክሌት መግዛትም ግድ አይደለም፤ ጎማው ሰፋ ያለ፣ ፍሬኑ በደንብ የሚይዝ፣ መቀመጫው ለነጂው ቁመት የተስተካከለ ከሆነ ይበቃል። ረጅም ቀሚስ የለበሱ እናቶች ጫፉ በሰንሰለቱ እንዳይያዝ መሰብሰብ አለባቸው። መንዳት የማይችሉ አረጋውያን ደግሞ በዚያው መንገድ ምርኩዛቸውን ይዘው በእግር ቢሄዱ ጥቅሙ አይቀርባቸውም።

የራስ መከላከያው (ካስዳ) ለድርድር አይቀርብም። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሁሉ በሕግ ግዴታ ነው፤ ከከተማ ውጭ ለሚነዳ አዋቂም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደግሞ 16 ዓመት ላልሞላው ልጅ የተከለከለ ነው። ጎረቤት ልጅ ስለነዳ ለእኛም ልጅ ይሁን ማለት አይገባም።

የአካባቢው ድንጋይ ነጭና ለስላሳ ነው፤ በጥንት ዘመን ሰዎች ብዙ ዋሻና የውኃ ጉድጓድ የፈለፈሉበትም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ ጉድጓዶች አጥር የላቸውም፤ አፋቸውንም ቁጥቋጦ ሸፍኖታል። ልጆች ምልክት ከተደረገበት መንገድ ወጥተው እንዳይሮጡ መጠበቅ የወላጅ ፈንታ ነው። ድንጋይ ሥር እጅ መክተትም አይገባም፤ በሞቃት ወራት እፉኝት አለ።

መቼ ይኬዳል?

የአገር ቤት ክረምት በሰኔ ይገባል፤ የዚህ አገር ዝናብ ግን ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። ዝናብ በጣለበት ቀንና በማግሥቱ አይሂዱ። ነጩ አፈር ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ወደ ደቡብ ያለው አፈር ደግሞ በጎማው ላይ ተጣብቆ አላስኬድ ይላል። ደርቆ የሚታየው ወንዝም ዝናብ ሩቅ ቦታ ሲጥል ደራሽ ውኃ ያመጣል። በበጋ የሚሄድ ሰው ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ አለበት፤ በሻራቭ ቀን ግን ቤት መቆየት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውኃ ይያዝ። በሙቀት ምክንያት ራሱን ያዞረው፣ ያቅለሸለሸው ወይም መዘባረቅ የጀመረ ሰው ወዲያው ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ ውኃ ይፍሰስበት፤ ወደ 101 ይደወል።

ሰንበትን ለሚጠብቅ ቤተሰብ የሚመቸው ዓርብ ጠዋት ወይም የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። በጾም ቀን፣ ለምሳሌ በስግድ ጾሙ ሳይፈታ፣ መንዳት አይገባም።

ስኳር ያለበት ሰው ምን ያድርግ?

ይህን ክፍል ሽማግሌዎች ራሳቸው እንዲያነቡት፣ ማንበብ ላልቻሉም ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው እንለምናለን። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ሲንቀሳቀስ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድበት ይችላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ድንገተኛ ረሀብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ነው። ዳገት ላይ ያለ ሰው ይህን «ደክሞኝ ነው» ብሎ ሊያልፈው ስለሚችል አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ስኳርዎን ይለኩ። ከ90 በታች ከሆነ ዳቦ ወይም ፍራፍሬ በልተው፣ ከፍ ማለቱን አይተው ይነሱ። ከ250 በላይ ከሆነና ሕመም ከተሰማዎት የዚያን ቀን ይቅርብዎ፤ ሐኪም ያነጋግሩ። በመንገድ ላይ ምልክቱ ከታየ ወዲያው ከብስክሌት ይውረዱና ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ 15 ደቂቃ ቆይተው እንደገና ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ 101 ይደወላል። ከጉዞ በኋላ ባለው ሌሊትም ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ከመተኛትዎ በፊት መለካት አይርሱ።

የመድኃኒቱን መጠን በራስ ውሳኔ መቀነስ ወይም መተው አይፈቀድም። ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ወደ ኩፓት ሖሊም ሄደው ለቤተሰብ ሐኪሙ «በሳምንት ሦስት ቀን ብስክሌት ልነዳ ነው፤ የምወስደው መድኃኒት ስኳሬን ያወርደዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ደረቱን የሚወጋው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ግፊቱ ያልተስተካከለ ሰውም ልቡን ሳያስመረምር ዳገት አይጀምር። ዕብራይስጥ የሚያስቸግርዎ ከሆነ በአማርኛ የሚያስተረጉምልዎ አዋቂ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ የመድኃኒት ነገር ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። የሚወስዷቸውን ክኒኖች ሁሉ ከነሣጥናቸው በከረጢት ይዘው ቢቀርቡ ሐኪሙ የትኛው ስኳር እንደሚያወርድ ወዲያው ያሳይዎታል።