ስሙን የማያውቀው አክተር

በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በሻሸመኔ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ፊልም እያየ ያደገ ሰው አንድ ሕግ አይጠፋውም፤ አክተሩ አይሞትም። እንግሊዝኛው ባይገባም ግድ የለም፣ ማን ከማን እንደተጣላ ቡጢው ይናገራል። ችግሩ የሚመጣው የስለላ ፊልም ሲከፈት ነው። የስለላ ታሪክ በወሬ ይሄዳል፤ ማን ማንን እንደሸጠ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ ቋንቋው የማይገባው ተመልካች ተኩስ እየጠበቀ ያዛጋል። «ዘ ቦርን አይደንቲቲ» ግን እንዲህ ላለው ተመልካች የተሠራ ይመስላል። እዚህ አክተሩ ራሱ ከተመልካቹ የተሻለ የሚያውቀው ነገር የለም።

ዓሣ አጥማጆች ጀርባው ላይ ሁለት ጥይት የተተኮሰበትን ሰው ከሜዲትራኒያን ባሕር ያወጣሉ። ዳሌው ውስጥ የተቀበረች ትንሽ መሣሪያ የዙሪክ ባንክ ሒሳብ ቁጥር ታሳያለች። ሰውየው ስሙን አያውቅም፤ እጁ ግን ሁሉንም ያስታውሳል። መናፈሻ ውስጥ ሁለት ፖሊሶች ሲቀሰቅሱት ከማሰቡ በፊት መትቶ ይጥላቸዋል። ከባንኩ ሣጥን ጥሬ ገንዘብ፣ ሽጉጥና የብዙ አገር ፓስፖርት ሲያገኝ አንዱ ላይ «ጄሰን ቦርን» የሚል ስም ያነባል። ማት ዴመን ይህን ሰው ሲጫወት ጀግና ሳይሆን መንገድ የጠፋበት መንገደኛ ይመስላል።

ፊልሙ የተነሣበት መጽሐፍ የአሜሪካዊው ሮበርት ሉድለም ነው። ከደራሲነት በፊት የቴአትር ተዋናይና አዘጋጅ የነበረው ሉድለም ሦስቱን የቦርን ልቦለዶች በ1980፣ በ1986 እና በ1990 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ2001 ዐረፈ፤ ፊልሙ የወጣው በተከታዩ ዓመት ነው። የማሞ ውድነህን የስለላ መጻሕፍት፣ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ»ን እና «ሰላዩ ሬሳ»ን ያነበበ ሰው ልቦለዱ ሳይስማማው አይቀርም። እዚያ የቦርን ባላንጣ በእውኑም ዓለም የነበረው ነፍሰ ገዳይ ካርሎስ ነው። ዳይሬክተሩ ዳግ ሊማን ግን ካርሎስን አውጥቶ ጠላቱን ሲ.አይ.ኤ. ውስጥ አስቀመጠው። አባቱ አርተር ሊማን በ1987 አሜሪካ ለኢራን በምስጢር የሸጠችውን መሣሪያ ለመረመረው የሴኔት ኮሚቴ ዋና የሕግ አማካሪ ስለነበሩ፣ ልጁ የቢሮ ተንኮልን ከቤቱ ያውቀዋል።

ጭካኔውስ? አጭርና አስቀያሚ ነው። ቦርን ፓሪስ ውስጥ ቢላዋ የያዘን ሰው በእስክሪብቶ ይገጥማል፤ በሁለተኛው ፊልም በተጠቀለለ መጽሔት፣ በሦስተኛው በመጽሐፍና በፎጣ። የፊሊፒንስ የውጊያ ስልት ነው። ካሸነፈ በኋላ አይፎክርም፤ ያለከልካል። በ2004 ዳይሬክተርነቱን የተረከበው ፖል ግሪንግራስ ካሜራውን ያርገበግበው ጀመር። ሦስተኛው ፊልም ሦስት ኦስካር ቢያገኝም፣ በትንሽ ቴሌቪዥን ከደበዘዘ ኮፒ ለሚያይ ሰው ራስ ምታት ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። ቦርን እንዲገድለው የተላከው ዎምቦሲ የሚባል ስደተኛ አፍሪካዊ መሪ ነው። ሌሊት መርከቡ ላይ ሽጉጥ ደግኖበት ሳለ የሰውየውን ልጅ ያያል፤ መተኮስ ያቅተዋል፤ ሲሸሽ ተመትቶ ባሕር ይገባል። ታሪኩ በሙሉ የተነሣው ከዚህች ቅጽበት ነው። ዎምቦሲን ግን ሌላ ተኳሽ ፓሪስ ውስጥ ከሩቅ ይጥለዋል። ገዳዩ የራሱን ማንነት ለማወቅ አራት ፊልም ሲሠራለት፣ ለዎምቦሲ የደረሰው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።