የቁራ ክንፍ ሶደሬ ሲወርድ

እንግሊዝ የሚኖረው የእህቴ ልጅ የላከልኝ ዘር ቀጭን፣ ጥቁር፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነበር። በዚያ አገር በየመንገዱ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅል የእንስላል ዘመድ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ግን ለጌጥ የተመረጠው ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ እንደ ዳንቴል የተተለተለ፣ መልኩ ጥቁር ወይን ጠጅ፣ አበባው በላዩ የተዘረጋ ነጭ ጃንጥላ። «ሬቨንስዊንግ» ይሉታል፣ የቁራ ክንፍ ማለት ነው። ሶደሬ ላይ የምሠራበት የመዋኛ ግቢ ባለቤት ፎቶውን ስልኬ ላይ ሲያዩ «ይኼ ገንዳው ዳር ይተከልልኝ» አሉ። የኖኅ ቁራ ተልኮ እንደቀረ ያኔ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ይህ ዘር ብርድ ካልቀመሰ አይነቃም፤ ከቆየ ደግሞ ቶሎ ይመክናል። ስለዚህ እንደደረሰኝ መስከረም ላይ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ፣ በላስቲክ ሣህን አድርጌ፣ ለስላሳ ከሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ ስምንት ሳምንት አስተኛሁት። ወጥ ቤት የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን ከፍታው «ጋሼ፣ ይኼ ቅመም ሻግቷል መሰለኝ፣ ልድፋው?» አለችኝ። እንኳን ጠየቀች። ከስልሳ ያህል ፍሬ ሰባቱ በቀሉ። ሁለቱ አረንጓዴ ሆነው ስለወጡ ነቀልኳቸው፤ ጥቁር ሆኖ የሚያድገው ገና በችግኝነቱ ያስታውቃል።

ታኅሣሥን ደህና ከረሙ። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይል ስለነበር ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር። ጥር እያለቀ ሲሄድ ግን መላው ጠፋኝ። ቅጠሉን የሚያጠቁረው አንቶሲያኒን የሚባል ቀለም ነው፤ እሱም ብርሃን ሲያገኝ ይበዛል፣ ጥላ ሲበዛበት ይደበዝዛል። ሶደሬ ደግሞ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አዋሽ ዳር ያለች ቆላ ናት። ፀሐይ ላይ ሳኖረው እኩለ ቀን ላይ ጠውልጎ ይተኛል፤ ሾላው ሥር ሳስገባው ቀና ይልና አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ከሆነ ምኑን የቁራ ክንፍ ሆነ? የውኃም ጣጣ አለ። እንግዳ ሁሉ «ፍል ውኃው እያለ ለምን ከወንዝ ትቀዳለህ?» ይለኛል። ከምንጩ የሚወጣው ውኃ ቢበርድም ሶዲየሙ አይለቀውም፤ ደጋግመው ካጠጡበት አፈሩ ደርቆ እንደ ሸክላ ይሆናል።

ለባለቤቱ ያስረዳኋቸው በካሮት ነው። ካሮት የዚሁ የእንስላል ቤተሰብ ልጅ ነው፤ እኛ ዘንድ ሥሩ ይደርሳል፣ አበባና ዘር የሚሰጠው ግን ብርድ ሲያገኝ ነው። እንኳን ከእንግሊዝ የመጣው ካሮቱም ደጋን ይፈልጋል። «እንግዲያው ጥቁርና ነጭ የሆነ ሌላ ነገር ፈልግ» አሉኝ።

ፈልጌ ያገኘሁት እናቴ ጓሮ የነበረውን ነው። ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ግንድና አበባ ያለውን በሶብላ ከፊት፣ ድንብላልንና ነጭ አዝሙድን ከኋላ አድርጌ መደቡን ሞላሁት። የኋለኞቹ ሁለቱም ያንኑ ነጭ ጃንጥላ ያወጣሉ። (ጥቁር አዝሙድ ስሙ ነው እንጂ የዚህ ቤተሰብ አይደለም።) ንቡ ከጧት ጀምሮ አይለይም፤ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልለው ከገንዳ የሚወጡ ሰዎችም ሽታው ያቆማቸዋል። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው አሽትተው «ልጄ፣ ሽሮ ልትሠራበት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ጦጣዎቹ ድንብላሉን ሁለት ጊዜ ነቅለውብኛል፤ በሶብላውን አልነኩትም። ከቤተሰቡ ማንነቱን የማላውቀውን ግን ገንዳ ዳር አልተክልም፤ ሶቅራጥስን የገደለው መርዝም የዚሁ ወገን ነውና፣ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ላይ ጨዋታ የለም።

ከቀሩት አምስት ችግኞች ሦስቱ ሶደሬ ላይ አለቁ። ሁለቱን ዋናው ሥር ሳይረዝም፣ ከነአፈራቸው፣ የካቲት ላይ አሰላ ላለው ወንድሜ ላክሁለት። አሰላ ከእኛ 1,000 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ከወር በኋላ አንዱ ሞተ ብሎ ደወለ። ስለ ሌላው አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላነሳውም።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ላይ ፎቶ ላከልኝ፤ ጥቁር ቅጠል፣ ነጭ አበባ፣ ከኋላው የእንሰት ቅጠል። ወዲያው ደግሞ ደወለና «ዘሩ ሲደርስ ልላክልህ?» አለኝ።

«አትላክ» አልኩት። «እንደደረቀ እዚያው ዝራው። አረንጓዴ ሆኖ የሚወጣውን ግን ሳትራራ ንቀለው።»