በአባ ኮስትር ስም የተጠራው አየር ማረፊያ

ከብቸና ወይም ከሞጣ በመኪና ወደ ባሕር ዳር የሚገባ ሰው አየር ማረፊያውን የሚያገኘው ከተማዋን አቋርጦ በስተምዕራብ ከወጣ በኋላ ነው። ቀድሞ «ግንቦት 20» ይባል ነበር፤ ዛሬ ስሙ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አየር ማረፊያ ነው። ለብቸና ሰው ይህ ስም ተራ ነገር አይደለም። አባ ኮስትር እየተባለ የሚጠራው በላይ ዘለቀ በብቸናና በዙሪያዋ ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ፣ ለጎጃም ገበሬ አውሮፕላን ማለት ከሰማይ ቦምብ የሚጥል የጠላት መሣሪያ ነበር። በላይ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሞተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። በላይ የአገሩ አየር መንገድ መንገደኛ ጭኖ ሲበር ሳያይ፣ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀድሞ ሞተ፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

በዚያ ዘመን አየር መንገዱ የጀመረባቸው ዳግላስ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ብዙ አይጠይቁም ነበር። ሃያ ምናምን ሰው ይዘው ደረቅና ደልዳላ ሜዳ ካገኙ ያርፋሉ። ሞጣም የራሷ ማረፊያ ሜዳ ነበራት፤ በዓለም አቀፉ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ላይ «ኦ ቲ ኤ» በሚል መለያ ተጽፋለች። ጄት ሲመጣ ግን ሣር ሜዳ አልበቃም።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉን የሚያነሣው አየር ስለሚያንስ አውሮፕላኑ የበለጠ መፍጠን አለበት፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ የባሕር ዳሩ አስፋልት 3,000 ሜትር ነው። በእግር ቢሄዱበት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ርዝመቱ ግን ሁሉን አይመልስም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አሥመራ ለመብረር ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ቢታገሉም ሞተሮቹ ከዱአቸው፤ አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ ወርዶ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግቧ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሥር የምናያት ናት፤ ዓይኗ ዙሪያ ቀይ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት። ሐይቅና የእህል ማሳ በሚያዋስኑት ሜዳ ላይ ከአስፋልቱ እኩል የሚያሳስበው ወፍ ነው።

ዛሬ የአዲስ አበባና የባሕር ዳርን መስመር ከሚሠሩት መካከል ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የገቡት ባለ ፕሮፔለር ኪው-400 አውሮፕላኖች ይገኙበታል። የጣና ገዳማትንና ጢስ ዓባይን ሊያይ የሚመጣ የውጭ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ በቦሌ ዞሮ ነው የሚደርሰው። ይህን የመሰለ ሐይቅ ያላት ከተማ ከውጭ በቀጥታ የሚያርፍባት በረራ ይገባታል ብዬ አምናለሁ።

በረራው ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የዓባይ በረሃ ታልፎ ጮቄ ሲቀርብ በቀኝ በኩል የተቀመጠ መንገደኛ ሰማዩ ከጠራለት የብቸናና የሞጣን አገር ከሥሩ ተዘርግቶ ያየዋል፤ በላይ ከአምባ አምባ በእግሩ የተመላለሰበትን።