አሮጌዋን ፒክአፕ እንዴት ምቹ ማድረግ ይቻላል?

አንባቢዎች ሆይ፤ «መኪና የለኝምና ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ገጹን አትግለጡት። የራሳችሁ ባይኖራችሁ የአባታችሁ፣ የአጎታችሁ ወይም የመሥሪያ ቤታችሁ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አትጠፋም። እኔም መኪና የለኝም፤ የአስተማሪ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን የአጎቴ ሂሉክስ ያስተማረችኝን ሳላካፍላችሁ መቅረት ሙያዬን እንደ መካድ ሆኖ ስለ ታየኝ ብዕሬን አነሣሁ።

የቶዮታ ኩባንያ ሂሉክስን ለገበያ ያወጣት በ1968 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስሟ ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን «ከፍ ያለ ድሎት» እንደ ማለት ነው። የአጎቴ መኪና ግን ከድሎቱ የደረሳት ስሙ ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተሠሩት ርካሿ፣ ባለ አንድ ጋቢናዋ ናት። መስተዋቷ በእጅ እየተዘወረ ይወርዳል፤ በሮቿ አንድ በአንድ ይቈለፋሉ፤ የዝናብ መጥረጊያዋም ቀስ ወይም ፈጠን ይላል እንጂ ዕረፍት አያውቅም። አጎቴ በደብረ ብርሃን አካባቢ በካሶኒዋ ገብስና ባቄላ እየጫኑ ብዙ ዓመት ሲመላለሱባት አንድም ቀን አላማረሩም።

ነገሩ የተለወጠው ወድቀው የግራ እጃቸው አንጓ ከተሰበረ በኋላ ነው። አጥንቱ ቢጠገንም አንጓው እንደ ልብ መዞር እንቢ አለ። በአገራችን መሪ በግራ በኩል ስለሆነ የሾፌሩ መስተዋት የሚዘወረው በግራ እጅ ነው። አጎቴ ግን ቀኝ እጃቸውን ከመሪው አንሥተው፣ በደረታቸው ላይ አሻግረው ማዞር ጀመሩ። አንድ ቀን ወደ ኬላ ሲቃረቡ እንደዚሁ ሲያደርጉ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ከቦዩ አፋፍ ላይ ቆመች። ልጆቻቸው «ትሸጥ» አሉ። ተሸጣ ምን ሊገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስመጣትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንጀራቸውም ያለዚህች መኪና አይጋገርም። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚወርድ መስተዋት ለሌላው ቅንጦት ቢሆን፣ ለእሳቸው የሥራና የሕይወት ጉዳይ ሆነ።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልሰመረም። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ለማንኛውም መኪና ይሆናል የተባለ ሞተር በሩ ውስጥ አሰረና የበሩን ቆርቆሮ በስቶ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘው። በሦስተኛው ሳምንት ከበሩ ሥር ጭስ ወጣ። ደግነቱ መኪናዋ ቆማ ነበርና የባትሪውን ገመድ ቶሎ ነቀልን።

ምክንያቱን ያስረዱን አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ሽቦው ይታጠፋል። የተበሳው ቀዳዳ የጎማ ልብስ ስላልነበረው የቆርቆሮው ስለት የሽቦውን ሽፋን በላውና ራቁቱ ሽቦ ከብረቱ ጋር ተነካካ። በመካከሉ ፊውዝ፣ ማለት የጋራዥ ሰዎች ቫልቮላ የሚሉት፣ ቢኖር ኖሮ እርሱ ቀድሞ ይቃጠልና ነገሩ ያበቃ ነበር። ፊውዝ በሌለበት ግን የሚቃጠለው ሽቦው፣ ከዚያም መኪናው ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሰውን በንዝረት አይገድልም ተብሎ ይናቃል፤ መኪናን ለማንደድ ግን ኀይል አያንሰውም።

ከዚያ ሽማግሌው የበሩን የውስጥ ሽፋን ፈቱና፣ «ልጄ፣ እስቲ እይ» አሉኝ። አየሁ። የሞተሩ ቡሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች በፋብሪካ ተበስተው ባዷቸውን ተቀምጠዋል። በበሩና በምሰሶው መካከል ሽቦ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳም በጎማ ተደፍኖ ይጠብቃል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፋብሪካ ለድሀና ለሀብታም ሁለት ዐይነት በር ማውጣት ስለማያዋጣው በብዙ ሞዴሎች ላይ አካሉን አንድ አድርጎ ይሠራል፤ ልዩነቱ ውስጡ በሚገባው ዕቃ ላይ ነው። ርካሿ መኪና፣ ብዙ ጊዜ፣ ቦታው ተዘጋጅቶላት ዕቃው የቀረባት ናት።

ስለዚህ የሚፈለገው የዚያችው ሞዴልና የዚያው ዘመን፣ ነገር ግን የተሻለችው መኪና ዕቃ ነው፤ ሞተሩ ከነማንሻው፣ ማብሪያው፣ ሽቦው ከነጎማ ልብሱና ከነመሰኪያው። እኛም ሱማሌ ተራ ሄደን ከተጋጨች ሂሉክስ የወጣ አገኘን። ስትገዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ መሪዋ በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ የሾፌር ማብሪያ ለእኛ ግራ በር አይስማማም። ሁለተኛ፣ የሌላ ሰው እንባ ያለበት ዕቃ እንዳይሆን ሻጩን ዕወቁ፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። ሥራው ሲጀመር አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይፈታል፤ ፊውዙም ፋብሪካው ባዘዘው መጠን ይሁን እንጂ «እንዳይቃጠል» ተብሎ ከፍ ያለ አይግባበት።

በሮችን ባንድ ጊዜ የሚቈልፈው መሣሪያም በዚሁ መንገድ ይገባል። ዐረፍ እያለ የሚጠርገው የዝናብ መጥረጊያ ደግሞ በብዙ መኪናዎች ከመሪው ሥር ያለውን ማብሪያና ጊዜ የሚለካውን ክፍል ከመለወጥ በቀር ሞተሩን መንካት አያሻውም። ይህን ትንሽ ነገር አትናቁት። ሮበርት ኬርንስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የዐይን ቆብ ዐረፍ እያለ እንደሚርገበገብ አስተውሎ የፈጠራ መብቱን በ1964 (እ.ኤ.አ.) አመለከተ፤ ፈጠራዬን ወሰደብኝ ብሎ የፎርድን ኩባንያ በ1978 ከሰሰና በ1990 በ10.2 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ።

ሁለት ነገር ግን ተዉ። የሌላ መኪና የኪሎ ሜትር ቈጣሪ ስታስገቡ የፊተኛውን ቍጥር በጽሑፍ ሳትይዙና ለገዢ ሳትናገሩ መሸጥ ማታለል ነው። ኤርባግ ያልተሠራለትን መኪና ደግሞ ከሌላ በወጣ ኤርባግ አስታጥቃለሁ ማለት በሕይወት መጫወት ነው።

እንግዲህ አንባቢዎች ሆይ፤ በአሮጌ መኪና ላይ ምቾት ለመጨመር ስታስቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ፍሬኑና ጎማው ደኅና ነውን? ምቾቱ ለማን ይጠቅማል? ፋብሪካውስ ቦታውን አዘጋጅቶለታልን? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ ገንዘባችሁ አይባክንም።

አጎቴ አሁን ኬላ ሲደርሱ ቀኝ እጃቸው ከመሪው አይነሣም። ያች የማትዞር ግራ እጃቸው በአንድ ጣት ማብሪያውን ትጫናለች፤ መስተዋቱም ይወርዳል።