ክፍት የተተወው ቤት



የጌታን ልደት በሚተርከው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ውስጥ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። በዚያች ሌሊት በቤተ ልሔም አካባቢ መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩት እረኞች የመልአኩን ብሥራት እንደ ሰሙ ፈጥነው ሄዱ። በጎቹን ማን እንደ ጠበቀላቸው ግን ወንጌላዊው አልነገረንም። እረኛ በሌሊት መንጋውን ትቶ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የተኩላው አለ፤ የሌባው አለ፤ መንጋው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ የባለቤቱ ተጠያቂነት አለ። እነርሱ ግን ያን ሁሉ ትተው ሄዱ፤ ሕፃኑንም በግርግም ተኝቶ አገኙት።

ስለ ዓለም ንቀት በተነሣ ቁጥር አብዛኞቻችን የምናስበው ገዳምን ነው። ማሰባችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ታኅሣሥ 24 ቀን ልደታቸውን የምናከብርላቸው ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቡልጋ፣ ኢቲሳ በተባለው ስፍራ ከአባታቸው ከጸጋ ዘአብና ከእናታቸው ከእግዚእ ኀረያ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። ገድላቸው እንደሚነግረን በወጣትነታቸው ለአደን ወደ ዱር ወጥተው ሳለ ጥሪው ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ሀብታቸውን ለድሆች አከፋፍለው፣ የቤታቸውን በር ሳይዘጉ ለስብከተ ወንጌል ወጡ።

በዚህ ስለ በሩ በተነገረው ላይ ጥቂት መቆየት ይገባናል። ተመልሶ ሊመጣ ያሰበ ሰው ቤቱን ይቆልፋል። ለዘመድ አደራ የሰጠ ሰው ደግሞ ቢመለስ የእኔ ነው የሚልበት ቃል ይቀርለታል። ክፍት ትቶ የሄደ ግን በልቡ እንኳ የሚመለስበት የለውም። አባታችን ወደ ሐይቅ ወደ አባ ኢየሱስ ሞዓ፣ ኋላም ወደ ደብረ ዳሞ የሄዱት ይህን ልብ ይዘው ነው። ከእርሳቸው በፊትም በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ንጉሥ ካሌብ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ መነነ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ታስበዋለች።

የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባሉት የግብፁ አባ እንጦንስ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ይጨምርልናል። ገድላቸውን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚለው ከወላጆቻቸው የወረሱት በአገሩ ስፍር 300 አሩራ ለም መሬት ነበር። ገና ወጣት ሳሉ ጌታ ለባለጸጋው ጎልማሳ የነገረው ቃል በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰሙ። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጡ፤ ዕቃውንም ሸጠው ለድሆች አከፋፈሉ። ለታናሽ እኅታቸው ግን ጥቂት አስቀሩ። በሌላ ጊዜ ስለ ነገ አለመጨነቅን የሚያስተምረውን ወንጌል ሲሰሙ ያንንም ሰጡ፤ ይሁን እንጂ እኅታቸውን ለታመኑ ደናግል አደራ ሳይሰጡ አልወጡም። ኃላፊነቱን ሜዳ ላይ ጥሎ «መነንኩ» የሚል ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ ቢያነበው መልካም ነው።

በእኛም ሥርዓት አንድ ሰው ሲመነኩስ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል። በዓይኑ እያየ፣ በጆሮው እየሰማ የራሱ ፍትሐት ይነበባል። ለዓለም ሞቷልና።

ሚስት፣ ልጆችና የቤት ኪራይ ያለብን እኛስ? ቀራጩ ዘኬዎስ ሀብቱን ሁሉ እንዲጥል አልታዘዘም። እኩሌታውን ለድሆች፣ የበደላቸውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ራሱ ቃል ገባ፤ መዳንም በዚያው በቤቱ ሆነለት (ሉቃ. 19፥1-10)። ያ ጎልማሳ ግን ሀብቱን እንደ ያዘ እያዘነ ሄደ (ማቴ. 19፥22)። ሁለቱም ባለጸጎች ነበሩ። የለያያቸው የሀብቱ መጠን ሳይሆን የእጃቸው አያያዝ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ የአርባ ቀን ተዝካር ላይ ለጸሎት ተገኝተን ነበር። ጸበል ጻዲቁ ሳይነሣ የሟች ልጆች፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ በአባታቸው ሁለት ክፍል ቤት ምክንያት ተጣሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ሦስት ዓመት ፈጀ። ከዚያም ታላቂቱ፣ አባቷን በሕመሙ ያስታመመችው፣ በሽማግሌዎች ፊት ቆማ ድርሻዋን ለወንድሟ መተዋን ተናገረች። የጠየቃት አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹም እኩል ሊያካፍሉ ነበር የተቀመጡት። «አባታችን በሕይወት ሳለ የተጣላንበት ቀን አልነበረም፤ ሙግቱን ባሸንፍ ቤቱን አገኛለሁ፣ ወንድሜን ግን አላገኝም» አለች።

እኛ ያን ጊዜ ምን እንዳሰብን ብንሸሽግ ሐሰተኞች እንሆናለን። ስለ ምናኔ ስናስተምር የኖርነው ሰዎች በልባችን «ተሞኘች» አልን። ወደ ቤታችን ስንመለስም የሥጋ ጥቅሟን እያሰላን አዘንንላት። የጻድቃንን ገድል ማንበብ ቀላል ነው፤ ጎረቤታችን ሲፈጽመው ግን እንግዳ ይሆንብናል።

ይህን ስንጽፍ አንድ ሥጋት አለብን። የተበደለችውን እኅት ወይም መበለት «ስለ ክርስቶስ ብለሽ ተዪው» እያሉ የሚጫኑ ወገኖች አሉ። ይህ ምናኔ ሳይሆን በሃይማኖት የተሸፈነ ግፍ ነው። መተው የባለመብቱ ፈቃድ እንጂ የአስታራቂ ትእዛዝ ሊሆን አይችልም። ሽማግሌ በሚዛን መፍረድ እንጂ በሰው ገንዘብ መጽደቅ አልተሰጠውም።

በዓመቱ የልደት ሌሊት ከቅዳሴ ስንወጣ እኅትና ወንድም ከነልጆቻቸው አብረው ሲሄዱ አየናቸው። ወንድምየው ከቤቱ ያመጣውን ጧፍ ለእኅቱ ልጅ አስይዞ ነበር። ቤቱ አሁንም የእርሱ ነው፤ እርሷም አሁንም የምትኖረው በኪራይ ነው። ጾመ ነቢያትን ፈትተው በዓሉን የሚውሉት ግን በየዓመቱ በእርሷ ዘንድ ነው።