አሌክሳ፦ የጓዳ ረዳት፣ የገበያ ፈተና

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ የሐበሻ ቤት እናስብ። እናት ድፎውን ኦቭን ውስጥ አስገብታለች፤ እጇ ግን ገና ሊጥ በሊጥ ነው። ስልኳን ሳትነካ በእንግሊዝኛ «አሌክሳ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ አስታውሺኝ» ትላለች። መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ድምፅ ማጉያ ሰማያዊ መብራቱ ቦግ ይላል፤ አንዲት ድምፅ ትእዛዙን መቀበሏን ትናገራለች። እናትም ወደ ወጧ ትዞራለች።

ዕቃው ኢኮ ይባላል፤ የምትመልሰው አሌክሳ ናት። አማዞን ኢኮን ያስተዋወቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መደበኛ ዋጋው 199 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ኢኮ ከክፍሉ ማዶ የሚነገረውን ለመለየት 7 ማይክሮፎኖች ነበሩት። ዕቃው ራሱ ነቅቶ የሚጠብቀው ስሟን ነው። ስሟ ሲጠራ ቀጥሎ የሚነገረው በኢንተርኔት ወደ አማዞን ኮምፒውተሮች ይሄዳል፤ እዚያ ድምፁ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፣ የተፈለገው ነገር ይለያል፣ መልሱ ይመለሳል።

ሰው በየቀኑ የሚያዛት ቀላል ቀላሉን ነው፦ ሰዓት፣ ሙዚቃ፣ የአየር ሁኔታ፣ መብራት። ለዐይነ ስውር ሰዓቱን ማወቅ፣ እጁ ለማይታዘዝለትም ማንንም ሳያስቸግር መብራት ማጥፋት ግን ትልቅ ነፃነት ነው።

አማዞን ዕቃውን በርካሽ ሲሸጥ ሰው በድምፁ እያዘዘ ብዙ ይገዛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ገዢ ግን ዕቃውን ማየት፣ ዋጋውን ማወዳደር ይፈልጋል፤ ይህ በጆሮ ብቻ አይሆንም። የድፎ ሰዓት መያዝ ደግሞ ገንዘብ አያስገባም። ዎል ስትሪት ጆርናል በ2024 እንደዘገበው፣ አሌክሳን የሚያጠቃልለው የአማዞን የመሣሪያዎች ክፍል ከ2017 እስከ 2021 ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። በ2025 ኩባንያው ረዘም ያለ ጨዋታ የምትችለውን አሌክሳ ፕላስን አስተዋወቀ፤ ክፍያው በወር 19.99 ዶላር ሆኖ ለፕራይም (የአማዞን የክፍያ አባልነት) አባላት ተጨማሪ አይጠየቅም።

በዚያው ቤት ሶፋው ላይ አያት ተቀምጠዋል። ዐይናቸው ደክሟል፤ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። እንዲህ ያለ ረዳት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሳቸው ነበር። አሌክሳ ግን አማርኛ አታውቅም፤ ስለዚህ «መብራቱን አጥፊልኝ፣ የኔ ልጅ» የሚሉት የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ነው። እኔ ይህ መሣሪያ ተሳካለት የምለው አያት ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ በገዛ ቋንቋቸው መብራቱን ያጠፉ ቀን ነው።