ተጨማሪ መረጃ፦ የፀሐይ ኃይል በደሴና በኮምቦልቻ ጣሪያዎች ላይ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ ፓነል የድንጋይ ከሰል ጭስ አያስቀርም፤ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው። ዝናብ ሲያጥር ግድቦች ይጎድላሉ፤ በ2001 ዓ.ም. እንደታየውም መብራት በፈረቃ ይሆናል። የ1966ንና የ1977ን ድርቅ ላየችው ወሎ ይህ ሩቅ ስጋት አይደለም። መስመር ባልደረሰበት ገጠር ደግሞ ፓነሉ የኩራዝን ጭስ ከቤት ያስወጣል።

ብዙዎች ሙቀት በበዛ ቁጥር ፓነል የበለጠ ያመነጫል ብለው ያስባሉ። እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ፓነል የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ራሱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ በየዲግሪው ከአቅሙ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። በ2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለችው ብርዳማዋ ደሴ በዚህ ረገድ ዝቅ ብላ ከምትገኘውና ከምትሞቀው ጎረቤቷ ከኮምቦልቻ ትሻላለች። ሆኖም በስተ ምዕራብ የቆመው ጦሳ ተራራ የማምሻዋን ፀሐይ ቀድሞ ይጋርድባታል። በሁለቱም ከተሞች ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል መልካም ነው፤ አቧራውንም ዝናብ ያጥበዋል።

ትልቁ ፈተና እንጀራ ነው። ባለ 300 ዋት ፓነል በጥሩ ቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ይበቃል። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ይህን ሁሉ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከዚህም ሌላ ፓነል የሚገዛ ቤተሰብ አስቀድሞ የጣሪያውን እንጨት ጥንካሬ ማስፈተሽ፣ የብሎን ቀዳዳዎችንም ክረምት ሳይገባ በጎማ ማስደፈን ይኖርበታል።